ዘይት አጠጪው መሐንዲስ፤ የኤላይጃ ማኮይ ሕይወትና ሥራ

በሚሽከረከር መሣሪያ ሁሉ ውስጥ፣ በዘንግና በኩሽኔታ መካከል፣ በጥርስና በጥርስ መካከል፣ ዓይን የማያየው አንድ ስስ የዘይት ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ባለበት ጊዜ መሣሪያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለዓመታት ያገለግላል። በጠፋበት ሰዓት ግን ብረት ከብረት ይገናኛል፤ ይግላል፣ ይፋቃል፣ በመጨረሻም ይነካከሳል። ተሰብሮ በቆመ መሣሪያ ፊት የተገኘ የጥገና ባለሙያ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የጉዳቱ መነሻ ብዙ ጊዜ የተሰበረው ክፍል ራሱ ሳይሆን በጊዜው ያልደረሰለት ጥቂት ዘይት ነው።

ይህን ጥቂት ዘይት በቦታው፣ በመጠኑና በሰዓቱ ማድረስ ራሱን የቻለ የምህንድስና ሥራ መሆኑን በተግባር ካስመሰከሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኤላይጃ ማኮይ ነው። ስሙ በአሜሪካ በስፋት ይታወቃል። ይሁን እንጂ የሚታወቀው በአብዛኛው ከስሙ ጋር በተያያዘ አንድ አፈ ታሪክ ሲሆን፣ የሠራው ሥራ ግን ከአፈ ታሪኩ ይልቅ ለሙያው ሰው የሚጠቅም ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱና አስተዳደጉ

የኤላይጃ ማኮይ ወላጆች ጆርጅ ማኮይና ሚልድረድ ጎይንስ በአሜሪካ በኬንተኪ ግዛት በባርነት ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያም አምልጠው ወደ ሰሜን የተሻገሩት የምድር ውስጥ ባቡር እየተባለ በሚጠራው መንገድ ነበር። ስሙ ባቡር ይሁን እንጂ ሐዲድም ሞተርም አልነበረውም። ባርነትን የሚጠሉ ሰዎች፣ ጥቁሮችም ነጮችም፣ ሸሺዎችን ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበሉ፣ ቀን እየሸሸጉ ሌሊት እያሻገሩ ነጻ ወደሆነ ምድር የሚያደርሱበት የምስጢር መረብ ነበር። በእንግሊዝ ግዛቶች የባርነት ማስቀሪያው ሕግ ከ1834 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለዋለ፣ ካናዳ ለብዙ ሸሺዎች የመጨረሻዋ ጣቢያ ሆነች።

ጆርጅ ማኮይ በካናዳ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ አገልግሎ በኢሪ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በኮልቸስተር፣ የእርሻ መሬት ተሰጠው። ኤላይጃ የተወለደው በዚያ በግንቦት ወር 1844 ነው። ቤተሰቡ ሰፊ፣ ኑሮው የገበሬ ኑሮ ነበር። ልጁ ገና በሕፃንነቱ የተበላሹ ዕቃዎችን እየፈታ መገጣጠም ይወድ እንደነበር ይተረካል። ከጊዜ በኋላም ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተመልሶ በሚሺጋን ግዛት በኢፕሲላንቲ ከተማ ተቀመጠ።

ልጁ ለመካኒክነት ያለው ዝንባሌ ግልጽ ቢሆንም፣ በዚያን ዘመን በአሜሪካ አንድ ጥቁር ወጣት ምህንድስና የሚማርበት በር ከሞላ ጎደል ዝግ ነበር። ወላጆቹም የማይታሰብ የሚመስለውን ነገር አደረጉ። ዕድሜው 15 ዓመት በሆነ ጊዜ፣ በ1859 ገደማ፣ ውቅያኖስ አሻግረው ወደ ስኮትላንድ ወደ ኤዲንብራ ከተማ ላኩት። ከባርነት ራሳቸውን ነጻ ያወጡ ሰዎች ልጃቸውን መካኒካል መሐንዲስ ለማድረግ የከፈሉት ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ስኮትላንድ በዚያን ጊዜ የእንፋሎት ሞተር፣ የመርከብ ሥራና የብረት ማቅለጫ አገር ነበረች። ወጣቱ በዚያ በሥራ ላይ ሥልጠና ሙያውን ተምሮ የመካኒካል መሐንዲስነት ብቃቱን አስመስክሮ ተመለሰ። ሲመለስ የእርስ በርስ ጦርነቱ አብቅቷል፤ ባርነትም በ1865 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሽሯል። ነገር ግን ሕጉ ሲለወጥ የቀጣሪዎች ልብ አብሮ አልተለወጠም።

ምድጃና የዘይት ቆርቆሮ

ማኮይ በመሐንዲስነት ሥራ ፈለገ፤ የሚቀጥረው ግን አላገኘም። በመጨረሻ ከዲትሮይት ተነሥቶ በኢፕሲላንቲ በኩል ወደ ሺካጎ የሚያልፈው የሚሺጋን ሴንትራል የባቡር ኩባንያ በእሳት አንዳጅነትና በዘይት አጠጪነት ቀጠረው። የኤዲንብራው ምሩቅ አካፋና የዘይት ቆርቆሮ ተሰጠው ማለት ነው። ሥራው ለምድጃው ማገዶ እየጨመሩ እንፋሎቱን ጠብቆ ማቆየት፣ ባቡሩ በቆመ ጊዜም እየተሯሯጡ የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች ሁሉ ዘይት ማጠጣት ነበር።

የዘይት አጠጪ ሥራ ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። የዚያን ዘመን የባቡር ሞተር ግን ዘይት የሚጠይቅበት ቦታ ብዙ ነበር፤ የመንኮራኩሮቹ ዘንጎች የሚያርፉባቸው ሳጥኖች፣ ግፊቱን ወደ መንኮራኩር የሚያስተላልፉት ክንዶች መገጣጠሚያዎች፣ የፒስቶኑ ዘንግ የሚመላለስባቸው መሪዎች፣ የቫልቩ ማንቀሳቀሻ ሁሉ በየጊዜው መታየት ነበረባቸው። ይህን ለማድረግ ባቡሩ መቆም አለበት። ባቡር ሲቆም ደግሞ ጊዜ ይባክናል፣ ማገዶ ይባክናል፣ ከኋላ የሚመጣውም ይዘገያል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሲሊንደሩና የቫልቩ ሣጥን ነበር። እነዚህ ክፍሎች ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ በእንፋሎት ግፊት የተሞሉ ናቸው። ከላይ ተራ የዘይት ጽዋ ቢገጠምባቸው እንፋሎቱ ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል እንጂ አያስገባውም። ስለዚህ እሳት አንዳጁ ነጂው እንፋሎቱን የሚዘጋበትን ጊዜ፣ ለምሳሌ ቁልቁለት ላይ፣ ጠብቆ በሞተሩ ጎን ባለው ጠባብ መረማመጃ ላይ ወጥቶ፣ ባቡሩ እየተጓዘ የቀለጠ ሞራ ወደ ሲሊንደሩ ያፈስ ነበር። በዝናብና በበረዶ ይህ ሥራ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ግልጽ ነው። አደጋውን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ፣ ዘይቱ የሚደርሰው ሞተሩ ሸክም በሌለበት ጊዜ ሆነ። ረጅም ዳገት ሲወጣ፣ ማለትም ቅባት ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ሲሊንደሩ ይደርቃል።

ማኮይ በሥራው ላይ ያስተዋለው ይህንኑ ነው። ችግሩ የዘይት እጥረት ሳይሆን ዘይቱ የሚደርስበት ሰዓት ነበር። የመሐንዲስነት ሙያ የተማረ፣ ሆኖም በገዛ እጁ ዘይት የሚያጠጣ ሰው መሆኑ ችግሩን ከሁለት ወገን እንዲያየው አስቻለው። ንድፍ የሚያወጡት መሐንዲሶች መረማመጃው ላይ አይወጡም፤ መረማመጃው ላይ የሚወጡት ሠራተኞችም አብዛኞቹ ንድፍ ማውጣት አልተማሩም። ማኮይ ግን ሁለቱንም ነበር።

የ1872 መሣሪያ

ማኮይ በኢፕሲላንቲ በራሱ ትንሽ የሥራ ቤት ውስጥ እየሞከረ፣ በሐምሌ 1872 ለእንፋሎት ሞተር የሚሆን የተሻሻለ የቅባት ማደያ በ129,843 ቁጥር የፈጠራ ባለመብትነት ማረጋገጫ ወሰደበት። መሣሪያው በሲሊንደሩ ላይ የሚገጠም የዘይት ጽዋ ነው። ቁም ነገሩ ግን ጽዋው አይደለም። ዘይቱን ወደ ሲሊንደሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ የሚያንቀሳቅሰው የሰው እጅ ሳይሆን የሞተሩ የራሱ እንፋሎት መሆኑ ነው። ቀድሞ ዘይቱን ይከለክል የነበረው ግፊት አሁን ዘይቱን የሚያደርስ አገልጋይ ሆነ። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ቅባቱን ራሱ ይመግባል፤ ሲቆምም ያቆማል።

አሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። በተግባር ግን የጉዞ ሰዓትን ይቆጥባል፣ የዘይት ብክነትን ይቀንሳል፣ የሲሊንደሩን ዕድሜ ያራዝማል፣ ሠራተኛውንም ከመረማመጃው ያወርዳል። ሚሺጋን ሴንትራል መሣሪያውን በሞተሮቹ ላይ ገጠመ፤ ማኮይንም አገጣጠሙንና አጠባበቁን ለሠራተኞች የሚያስተምር ባለሙያ አደረገው። በር የዘጋበት መሐንዲስነት በዘይት ቆርቆሮው በኩል ዞሮ ወደ እጁ ገባ ማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመን ሌላ ለውጥም እየተካሄደ ነበር። በ1859 በፔንሲልቬኒያ ግዛት በቲተስቪል የነዳጅ ዘይት ጉድጓድ ከተቆፈረ ወዲህ፣ ከድፍድፍ ዘይት የሚወጣ ማዕድናዊ ቅባት በገበያ ላይ መገኘት ጀመረ። ሞራ ከፍ ባለ ሙቀት ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ ይበሰብስና ብረት የሚበላ አሲድ ያወጣል፤ የሲሊንደር ግድግዳዎች በቅባት እጦት ብቻ ሳይሆን በቅባቱ በራሱ የሚጎዱበት ጊዜ ነበር። ማዕድናዊው ዘይት ይህን ጉዳት ቀነሰ። ትክክለኛ ዘይትና ትክክለኛ ማድረሻ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይበቃ የባቡር ኩባንያዎች በእነዚያ ዓመታት በራሳቸው ኪሳራ ተማሩ።

በቤቱም በኩል ማኮይ ኀዘንና ደስታ ተፈራርቀውበታል። በ1868 ያገባት አን ኤልሳቤጥ ስቱዋርት ከአራት ዓመት በኋላ ሞተችበት። በ1873 ሜሪ ኤሌኖራ ዴላኒን አገባ፤ ይህ ጋብቻ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚያህል ጊዜ ቆየ። ሜሪ በዲትሮይት ጥቁር ሴቶች የማኅበራዊ እንቅስቃሴ ውስጥ ታዋቂ ነበረች፤ በ1898 በከተማው ለአረጋውያን ጥቁር ሴቶች መጠለያ የሆነውን የፊሊስ ዊትሊ ቤት ካቋቋሙት አንዷ ናት። ባልና ሚስቱ ወደ ዲትሮይት የተዛወሩት በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ማኮይ ከዚያ ወዲያ በአማካሪነትና በፈጠራ ሥራ ላይ አተኮረ።

አፈ ታሪኩና እውነቱ

ማኮይ በዕድሜው ዘመን 57 ያህል የባለመብትነት ማረጋገጫዎችን አግኝቷል። አብዛኞቹ ስለ ቅባት ማደያዎች ናቸው። ከእነዚህ ውጭ በ1874 የሚታጠፍ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ በ1899 ደግሞ የመስክ ውኃ መርጫ አስመዝግቧል። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በ1909 ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከማኮይ የበለጠ የፈጠራ መብት ያስመዘገበ ጥቁር እንደሌለ አስፍሯል።

በአሜሪካ አንድ ዕቃ ማስመሰያ ሳይሆን እውነተኛው መሆኑን ለመግለጽ የማኮይን ስም የሚጠራ የታወቀ አባባል አለ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው የባቡር መሐንዲሶች ርካሽ ማስመሰያዎችን እምቢ ብለው የእሱን መሣሪያ በስሙ እየጠሩ ስለጠየቁ አባባሉ ከዚያ ተወለደ። ታሪኩ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ አባባል፣ በስኮትላንዳዊ የቤተሰብ ስም፣ ማኮይ ገና ልጅ በነበረበት በ1850ዎቹ በስኮትላንድ በጽሑፍ እንደሚገኝ አሳይተዋል። አባባሉ በኋላ በእሱ ስም ላይ ያረፈ ቢሆን እንኳ ከእሱ አልጀመረም።

እንዲሁም ማኮይ የመጀመሪያው የቅባት ማደያ ፈጣሪ ነው የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጆን ራምስቦተም የተባለው የባቡር መሐንዲስ በ1860 በእንፋሎት ጤዛ ክብደት ዘይትን እየገፋ የሚያስገባ መሣሪያ ሠርቷል። በአሜሪካም ከማኮይ ጋር በአንድ ዘመን ልዩ ልዩ ማደያዎችን የሚሠሩ ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ትልልቅ ፋብሪካዎች የነበሯቸው ናቸው። ይህን መግለጽ የማኮይን ክብር አይቀንስም። የምህንድስና ሥራ ብዙውን ጊዜ ከምንም የሚነሣ ተአምር ሳይሆን፣ ያለውን መሣሪያ በሥራ ላይ እያዩ፣ ጉድለቱን እየለዩ፣ ደጋግሞ ማሻሻል ነው። ማኮይ አንድ ጽዋ ሠርቶ አላረፈም። ለአርባ ዓመታት ያህል በዚያው በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ዘይት እንዴት ይድረስ በሚለው ጥያቄ ላይ፣ እየተመለሰ ሠርቷል። ከዚህ የሚበልጥ የሙያ ታማኝነት ማስረጃ አይገኝም።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን አለ። ሥራውን በራሱ ገንዘብ ወደ ፋብሪካ ምርት ለማድረስ አቅም ስላልነበረው፣ ከመብቶቹ ብዙዎቹን ገንዘብ ላላቸው ሰዎች እያስተላለፈ ለቀጣዩ ሙከራ የሚሆነውን ወጪ ይሸፍን ነበር። በዚህም ምክንያት በብዙዎቹ ማደያዎች ላይ ስሙ አልተጻፈም፤ ከትርፋቸውም የደረሰው ጥቂት ነው።

ሳይንሱ ከኋላ ሲደርስ

ማኮይና ዘመነኞቹ ዘይትን በማያቋርጥ ሁኔታ የማድረስን ጥቅም ያወቁት በተግባር ነው። ምክንያቱ በሳይንስ የተገለጸው ከዚያ በኋላ ነበር። በ1883 ቦሻምፕ ታወር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር ኩሽኔታዎችን ሲመረምር በኩሽኔታው አናት ላይ ቀዳዳ ቢበሳ ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ይወጣል። በእንጨት ውታፍ ቢደፍነው ዘይቱ ውታፉን ገፍቶ ጣለው። የግፊት መለኪያ ሲገጥምበትም በዘይቱ ሽፋን ውስጥ ያለው ግፊት ኩሽኔታው ከተሸከመው አማካይ ጫና እጅግ እንደሚበልጥ ተገኘ። ዘንጉ በብረቱ ላይ ሳይሆን በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ይዞር ነበር ማለት ነው።

ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ይህን በሒሳብ አብራራው። የሚሽከረከር ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ ወደሚጠብበው ክፍተት ያስገባዋል፤ ዘይቱ በመጥበቡ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ዘንጉን ያነሣዋል። ለዚህ ሁለት ነገሮች የግድ ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው ዘይቱ ሳያቋርጥ መድረሱ፣ ሁለተኛው ውፍረቱ ለፍጥነቱና ለጫናው የሚስማማ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት አልፈው፣ በ1966 በእንግሊዝ አገር ፒተር ጆስት የመራው ኮሚቴ ባቀረበው ዘገባ፣ የሰበቃና የቅባት ጉዳይ በሚገባ ቢያዝ የአገሪቱ ኢንዱስትሪ በዓመት 515 ሚሊዮን ፓውንድ ሊያድን እንደሚችል ገምቷል። ትራይቦሎጂ የሚባለው የሳይንስ ስምም ከዚያ ዘገባ ወጣ። በ1870ዎቹ የዘይት አጠጪ ሥራ ተብሎ ይናቅ የነበረው በ1966 የአገር ሀብት ጥያቄ ሆነ።

ግራፋይት

ከምዕተ ዓመቱ መለወጫ ወዲህ የባቡር ሞተሮች እየገዘፉ ሄዱ። እንፋሎቱ ከማፍያው ከወጣ በኋላ እንደገና እንዲግል የሚያደርግ አሠራር ተስፋፋ። ይህ አሠራር ማገዶ ይቆጥባል፤ ነገር ግን እርጥበት የሌለው እጅግ የጋለ እንፋሎት ተራውን ዘይት ስለሚያሳርረው ሲሊንደሩ እንደገና ለድርቀት ተጋለጠ። ማኮይ በዚህ ጊዜ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በሚያዝያ 1915 የተመዘገበለት ማደያ ግራፋይትን ከዘይት ጋር አቀላቅሎ የሚያደርስ ነው። ግራፋይት በሙቀት አይቃጠልም እንጂ በብረቱ ላይ ስስ አልባሽ ይሠራል። ችግሩ ግን ከባድ ስለሆነ ከዘይቱ እየተለየ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ጠባቡን መተላለፊያም ይዘጋል። የማኮይ ጥረት ይህ ድብልቅ ሳይደፈን በእኩል መጠን እንዲደርስ ማድረግ ላይ ነበር። እሱ ራሱ ከሥራዎቹ ሁሉ ይህንን ያስበልጥ እንደነበር ይነገራል።

በ1920 በስሙ የሚጠራ አምራች ኩባንያ በዲትሮይት አቋቋመ። ከብዙ ዓመታት ድካም በኋላ መሣሪያውን በራሱ ስም የማምረት ዕድል ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ዕድሉ ግን አልረዘመለትም። በ1922 ከባለቤቱ ጋር በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ። ሜሪ ከዚያ ብዙም ሳትቆይ አረፈች፤ እሱም ሙሉ ጤንነቱን አላገኘም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ገንዘቡም ኃይሉም አልቆ፣ በዲትሮይት አቅራቢያ ኢሎይስ በሚባለው የመንግሥት የሕሙማን መጠለያ ገባ፤ በዚያም በጥቅምት 10 ቀን 1929 በ85 ዓመቱ ዐረፈ። የዲትሮይት ከተማ መታሰቢያ ያቆመችለት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ በተቃረበ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ ነው። በ2001 በአሜሪካ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ስሙ ገባ። በ2012 ደግሞ የአሜሪካ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት በዲትሮይት የከፈተውን የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ በማኮይ ስም ሰየመው። መብቱን እየሸጠ ይሠራ የነበረው ሰው ስም መብት በሚሰጥበት ቤት ደጃፍ ላይ ተጻፈ።

ከባቡር ሞተር እስከ አየር ነፊ

የእንፋሎት ባቡር ዛሬ በአብዛኛው የቤተ መዘክር ዕቃ ሆኗል። ማኮይ የታገለበት ጥያቄ ግን በየፋብሪካው አለ። በእሱ ዘመን ተፈልስፎ ዛሬም የሚሠራ አንድ መሣሪያ ምሳሌ ይሆናል። በኢንዲያና ግዛት በኮነርስቪል ከተማ ወንድማማቾቹ ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ በ1860 የባለመብትነት ማረጋገጫ የወሰዱበት፣ በተለምዶ ብሎወር የሚባለው የአየር መንፊያ ነው። ብሎወር የኢንዱስትሪ ወናፍ ነው ቢባል አይሳሳትም። በሲሚንቶ ፋብሪካ ዱቄቱን በቱቦ የሚያጓጉዘው፣ በፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳም ለተሕዋስያን አየር የሚመግበው በአብዛኛው ይኸው ዓይነት መሣሪያ ነው።

በብሎወሩ ቤት ውስጥ ሁለት ጎባጣ ክንፎች እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ ይሽከረከራሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ አየሩ በሚያልፍበት ክፍል ውስጥም ዘይት የለም። ክንፎቹ እንዳይነካኩ የሚጠብቋቸው ከጎን ባለው ሳጥን ውስጥ ያሉት ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ናቸው፤ ዘይት የሚያስፈልጋቸውም እነሱ ናቸው። ጥርሱ ጥቂት ከተበላ የክንፎቹ መገጣጠሚያ ሰዓት ይዛባል፤ ከተዛባ ክንፍ ከክንፍ ይጋጫል። ስለዚህ የጠቅላላው መሣሪያ ዕድሜ በአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ባለ ጥቂት ሊትር ዘይት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በዚህም ላይ አየር ሲታመቅ ይግላል። ከብሎወሩ የሚወጣው አየር ሙቀት ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ሙቀቱም ወደ ዘይቱ ይተላለፋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ የግፊት ጭማሪ ለማግኘት አየሩ ይበልጥ ይታመቃል፣ ይበልጥም ይግላል። ዘይት በሙቀት ያረጃል። በተለምዶ በሚሠራበት መመዘኛ የዘይቱ ሙቀት በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬዱ ሲጨምር የአገልግሎት ዘመኑ በግማሽ ያህል ያጥራል። ስለዚህ በቀዝቃዛ አገር የተጻፈ የዘይት መለወጫ ሠንጠረዥ የመሣሪያው ትክክለኛ ሙቀት ሳይለካ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

የዘይቱ መጠን ሌላው ጥንቃቄ ነው። ማነሱ እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል፤ መብዛቱም እንደሚጎዳ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዘይቱ ከመመልከቻው መስተዋት መስመር በላይ ሲሆን ጥርሶቹ እየናጡት አረፋ ይሆናል፣ ይግላል፣ በማኅተሙ በኩልም ወደ አየሩ ክፍል ሾልኮ ይወጣል። መጠኑ የሚታየው መሣሪያው ቆሞ፣ ዘይቱም ከግድግዳው ወርዶ ከተጠራቀመ በኋላ ነው። መልኩም ይናገራል፤ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፣ ከጠቆረና ሽታው ከተለወጠ አርሯል፣ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከታየበት ብረት እየተበላ ነው። ውፍረቱ አምራቹ ለሥራው ሙቀት ካዘዘው የተለየ ዘይት፣ ወይም ጠባያቸው የማይታወቅ ሁለት ዘይቶች ድብልቅ፣ ሳጥኑ ሙሉ ሆኖ እያለ ጥርሱን ሊያስራበው ይችላል። ችግሩ አሁንም ማኮይ ያየው ነው፤ ዘይት መኖሩና ዘይት መድረሱ አንድ አይደሉም።

በብዙ ፋብሪካ ይህ ሥራ የሚሰጠው ዝቅተኛ ደመወዝ ላለው ሠራተኛ ነው። ቆርቆሮውን ይይዛል፣ ይጨምራል፣ በመዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል። ያየውን የሚጠይቀው ግን የለም። ኩሽኔታው ከትናንት ይልቅ እንደሞቀ፣ የሳጥኑ ድምፅ እንደተለወጠ፣ በየሳምንቱ የሚጨመረው ዘይት እየበዛ እንደመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ዕውቀቱ ከመዝገቡ ምልክት አያልፍም። ሚሺጋን ሴንትራልም ለጥቂት ዓመታት እንዲሁ ነበር፤ ከምድጃው ፊት የቆመው እሳት አንዳጅ መሐንዲስ መሆኑን የሥራ መደቡ አልገለጸም ነበርና። ኩባንያው የተጠቀመው የሰውየውን ጉልበት ትቶ ማስተዋሉን መቀበል በጀመረበት ቀን ነው።

ማኮይ የተቀበረው በሚሺጋን በዋረን ከተማ፣ የዲትሮይት ጥቁር ነዋሪዎች ባቋቋሙት የመቃብር ስፍራ ነው። ያሻሻላቸው ማደያዎች የተገጠሙባቸው ሞተሮች ከሐዲዱ ከወረዱ ረጅም ጊዜ ሆኗቸዋል። በየፋብሪካው ግን በየማለዳው አንድ ሰው ሞተሩ ሳይነሣ ጎንበስ ብሎ የመስተዋቱን መስመር ያያል፤ ዘይቱ በቦታው ካለ ጨርቁን በትከሻው ጥሎ ወደሚቀጥለው መሣሪያ ያልፋል።